ለሞሚና፣ ስለ መብራቷ

ቁልፉ ይኸውልሽ፤ ሦስተኛው መሳቢያ፣
ከሚዛኑ በታች፣ ከጓንት ማኖሪያ።
በሻሽ የጠቀለልኳት፣ ክንድ የማታህል ነገር፣
ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ከእኔ ጋራ ስትኖር
የደሴን ሰው ገላ አየች በጨለማ፤
ምኑን ተናገረች? በማን ጆሮ ተሰማ?

ሞሚና፣ ከሁሉ በፊት መጋረጃውን ዝጊ፤
ለበሩ ስንጥቅ ደግሞ ቡትቶ ፈልጊ።
ጉም ከጦሳ ወርዶ ሆጤን ቢሸፍን
"ጨልሟል" ብለሽ እንዳትታለይ፤ ጉምም ያበራል አንዳንድ ቀን።
አብሪያትና ታገሺ፣ ሙሉ አንድ ደቂቃ፣
እሷ እስክትሞቅ፣ ያንቺም ዓይን እስኪነቃ።
ፊቷን ትክ ብለሽ አትመልከቺ። መነጽሩ ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል፤
እኔ ንቄው ኖርኩ፤ ይኸው ሞራ ዓይኔን ጋርዶታል።

ከገላው ግማሽ ስንዝር። ቅባት ካለ ጥረጊ፤ ቫዝሊን ውሸታም ነው፣
በእሷ ፊት ሲቆም ደዌ መስሎ የሚያበራው።
የኦሞ ብናኝም እንዲሁ። በመጀመሪያው ሳምንት
የአንዲት ባልቴት ነጠላ ሰማያዊ እሳት ሲተፋ አይቼ፣ በድንጋጤ ብዛት
ሲስተር ዘርፌን ብጠራት
ሳቀችብኝ፣ እንባ እስኪወጣት።

መስታወቷን በአልኮል፣ ክር በማይጥል ጨርቅ፤
አምፖሏን በባዶ ጣት አትንኪ፤ የጣት ወዝ ሲግል እንደ ቂም ነው፣ አይለቅ።
ባትሪ ከሰኞ ገበያ፣ ከመንገድ ዳር አትግዢ፤
ዐርብ ስትወጪ ከሆዷ አውጥተሽ ለብቻው ያዢ።
አንድ ክረምት ረስቼው አረንጓዴ ዝገት በልቷት
በሎሚና በጥርስ ብሩሽ እንደ አራስ ልጅ አጠብኳት።

ሐርቡ ለሥራ ወርደን ባደርንበት ሌሊት
ሾፌሩ ይመር ለመነኝ፦ "ለጊንጥ እንሞክራት።"
ሞከርናት። ግድግዳው ስር፣ አልጋው እግር፣ ይመር ባወለቀው ጫማ፣
አረንጓዴ፣ አረንጓዴ ጊንጥ።
መኪናው ውስጥ አደርን እንጂ አልተኛንማ።

አሁን ዋናውን ስሚ፤ መመሪያው በደቃቅ ፊደል የጻፈው፦
መብራቷ ስታረጅ አትጠፋም። ሐምራዊው እንደነበር ነው።
የሚሞተው የማይታየው ነው፤
እሱ ነው ቀድሞ የሚያልቀው።
ታካሚው ፊትሽ ተቀምጦ፣ አንቺም ጎንበስ ብለሽ አይተሽ
"ምንም የለብህ" ትያለሽ፣ በሞተ ብርሃን ተማምነሽ።
እኔ ብያለሁ። አንድ ጊዜ። የልጁን ስም አልነግርሽም።
በሁለት ወሩ ተመለሰ፣ ሦስት ታናናሾቹን አስከትሎ፤
የአራቱም ራስ በቆረቆር፣ በረዶ የመታው የጤፍ ማሳ መስሎ።
እናትየዋ አልተቆጣችኝም።

ስለዚህ ደብተር ያዢ፤ የበራችበትን ሰዓት ቁጠሪ፤
ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን መቶ ብር ላይ አብሪ፤
የብሩ ምስጢር ካልደመቀ "አምፖል ይለወጥ" ብለሽ ጻፊ፤
ግምጃ ቤቱ ዝም ካለሽ ደግመሽ ጻፊ፤
ሦስተኛውን በእጅሽ ይዘሽ ሂጂና በሩ ላይ ተለጥፊ።

ጦይባ የምትባል ልጅ ነበረች፣ ከገራዶ። ለሠርጓ ዘጠኝ ቀን ሲቀር
አንገቷ ላይ ነጣ አለ። "ለምጽ ነው" ተባለ፤ አማቶቿ ጀመሩ መማከር።
አባቷ ኮሪደር ላይ ቆሞ፣ ኮፍያውን ሲጨምቅ፣ ሲዘረጋ፣ ሲጨምቅ፣
አበራሁ፤ አንገቷ ላይ የታየኝ ቢጫ ነው፣ እንደ ወርቅ።
"ቋቁቻ ነው፤ የሁለት ሳምንት ቅባት" አልኩት።
ወደ ግድግዳው ዞረ፤ ፊቱን አላየሁት።

ግን ወተት የመሰለ ነጭ፣ ሰማያዊ ያዘለ ብርሃን ከመጣ
(ሞሚና፣ ይመጣል) ቃል ካፍሽ አይውጣ።
መጀመሪያ እሷን አጥፊ። መጋረጃውን ክፈቺ። ወንበርሽን ሳቢ፣
ከታካሚው ፊት ተቀመጪ፤ ዓይኑን በቀን ብርሃን አንብቢ፤
ከዚያ ንገሪው። እንዲህ ያለ ነገር በጨለማ አይነገርም።
ይህን መመሪያው አይልም።

በይ፣ ጨረስኩ። ቁልፉን ያዢ። መጋረጃውንም ግለጪልኝ፤
ደረጃው አሥራ አራት ነው፤ ከመጀመሪያው በቀር አይታየኝ።